አዲሱን ቢዋይዲ ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ? ጎጃም ውስጥ ለምትነዱ

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቢዋይዲ አዲስ ነገር ሊያወጣ ነው አሉ፤ ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?» ቢዋይዲ የሚሉት የቻይናውን የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ነው። ፍኖተ ሰላም ያሉት እህል ነጋዴ ጋሼ ማታ ማታ ይደውላሉ። ደብረ ማርቆስ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቀን ሦስት ቪዲዮ ትልክልኛለች። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ብሩን ባንክ አስቀምጦ፣ አሮጌ ቪትዙን እየነዳ፣ ወሬ ሲያዳምጥ ዓመት ሞላው። እኔን የሚጠይቁኝ በኤሌክትሪክ መኪና ሁለተኛ ዓመቴን ስለያዝኩ ነው። አንዴ ክፉኛ መቃጠሌንም ስለሚያውቁ ነው። እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። አትጠብቁ። ያለውን ግዙ። ያለውን ስል ግን ያገኛችሁትን ሁሉ ማለቴ አይደለም፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የገባለትን መኪና ማለቴ ነው። የእኔ ምርጫ ያገለገለ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው፣ አንዳንድ አገር አቶ 3 የሚሉት። (ስሙ ከቻይና ሥርወ መንግሥት የመጣ ነው። ከዚህ በታች ስለ ገንዘባቸውም ስለማወራ ዩዋን ስል መኪናውንና ገንዘቡን እንዳታምታቱት።)

እስቲ መጀመሪያ የሚጠበቀውን እንየው። ወሬው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የቢዋይዲ ትንሿ መኪና ሲጋል በአዲስ መልክ ትመጣለች ይላል። ሌላው በአምስት ደቂቃ የሚሞላ ርካሽ መኪና ነው ይላል። የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ጭራሽ ዋጋውን በብር አስልቶ ነግሯታል፤ ገና ስሙ እንኳ ያልታወቀ መኪና! እኔ ለመገመት የምጠቀመው ያለፈውን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2025 ብቻ ሦስት ትልልቅ ነገር ተናግሯል። በፌብሩዋሪ «የአምላክ ዓይን» የሚለውን በካሜራና በሴንሰር የሚሠራ የሹፌር አጋዥ ሥርዓት ከትልልቆቹ መኪኖች አውርዶ 69,800 ዩዋን በምትሸጠው ሲጋል ላይ ሳይቀር ገጠመው። በማርች በ1,000 ኪሎዋት ቻርጅ የሚያደርግ ቴክኖሎጂ አሳየ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ይገባል ተባለ። በሜይ ደግሞ ዋጋ ቆረጠ፤ ሲጋል 55,800 ዩዋን ገባች።

ስለዚህ የሚቀጥለውም ከሦስቱ አይወጣም ብዬ እገምታለሁ። ወይ ቻርጁ ይፈጥናል፣ ወይ ካሜራው ይበዛል፣ ወይ ዋጋው ይወርዳል። ለእኛ የሚጠቅመን የትኛው ነው?

ፈጣኑ ቻርጅ ለእኛ ገና ነው። 1,000 ኪሎዋት ማለት የእኔ ቤት ሶኬት የሚሰጠውን ሦስት መቶ እጥፍ ማለት ነው። እኔ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሌ የሚደበዝዝብኝ ሰው ነኝ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሲከፍት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱም ግን አዲስ አበባ ነበር። ደግሞ ያ የአምስት ደቂቃው ነገር መጀመሪያ የተገጠመው ሃን ኤል እና ታንግ ኤል በሚባሉት ትልልቅ መኪኖቹ ነው፤ ሁለቱም በአገራቸው ሲወጡ ከ200 ሺህ ዩዋን በላይ ነበሩ። ወደ ትንንሾቹ እስኪወርድ፣ ከዚያ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከዚያ ጣቢያው እኛ ጋ እስኪተከል ብላችሁ ቁጠሩት።

ካሜራው ደግሞ ለእኛ መንገድ ጭራሽ ወጪ ነው። ሥርዓቱ የተማረው የቻይናን መንገድ ነው፤ መራዊ ገበያ ቀን ከአህያና ከባጃጅ መሀል አያወጣችሁም። ፓራውልቱ ውስጥ ሴንሰር በተቀበረ ቁጥር ደግሞ ባጃጅ ነካ ባደረጋችሁ ቁጥር የምትከፍሉት ይጨምራል። ለፕላስቲክ ስትከፍሉ የነበራችሁ ለኮምፒውተር ትከፍላላችሁ።

የቀረው ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ትክክል ነው፤ ዋጋው በእርግጥ ይወርዳል፣ ወርዶም ያውቃል። ግን ስንት ብር እንደሚያተርፍ አብረን ቁጭ ብለን በወረቀት አሰላን። እናንተም አስሉት።

ሲጋል ከ69,800 ወደ 55,800 ስትወርድ የቀነሰው 14,000 ዩዋን ነው። ይህ ወደ 1,900 ዶላር ይጠጋል፤ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ ወደ 250 ሺህ ብር ገደማ። ትልቅ ገንዘብ ነው። አሁን ወደ ቪትዙ እንሂድ። ጓደኛዬ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ አንዳንዴ ጢስ ዓባይ። ሦስት ሊትር ተኩል ቤንዚን ይፈጃል። ማደያ ሲገኝ ሊትሩ ከ120 ብር በላይ ነው። ግን መቼ ነው የሚገኘው? መንገድ ሲዘጋ ቦቴ አይገባም፤ ሲገባም ሰልፉ ቀኑን ሙሉ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በጀሪካን፣ በ250 ብር ነው። ከዚያ በላይም የከፈለበት ሳምንት አለ። በ250 ብናሰላው በቀን 875 ብር። የእኔ መኪና ለዚያው 50 ኪሎ ሜትር ሰባት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። የቤቴ ታሪፍ በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ስለማይሞላ ከ75 ብር አይበልጥም። ልዩነቱ በቀን 800 ብር፣ በወር 26 ቀን ቢነዳ 20,800፣ በዓመት 249,600 ብር።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገምነው። ጓደኛዬ ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ቅናሽ ዓመት ሙሉ በጀሪካን ቀድቶታል። ሁልጊዜ ከማደያ በ120 ብር የሚቀዳ ሰው ኪሳራው ወደ 108 ሺህ ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን ባዶ እጅ የሚያስቀር ነው።

ደግሞ ያ ቅናሽ እኛ ጋ ደርሶ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት 2017 መሆኑ ነው፣ እኔም ራሴ ለመግዛት አዲስ አበባ ሦስት ቦታ ደውዬ ነበር። ሁለቱ የነገሩኝ ዋጋ በፊት ከነገሩኝ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው 40 ሺህ ብር ቀነሰልኝ። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ዕቃው በድሮው ዋጋ የገባ ነው፣ ዶላሩም ጨምሯል። አውሮፓንም እዩት። ያቺው ሲጋል ዶልፊን ሰርፍ ተብላ በዚያው በሜይ 2025 አውሮፓ ስትገባ መነሻዋ 22,990 ዩሮ ነበር። 55,800 ዩዋን ግን ሰባት ሺህ ዩሮ እንኳ አይሞላም። የሚገጠምላት ዕቃና ታክሱ ይለያያል፣ ይሁን። እኔ የምለው መድረክ ላይ የሚነገረው ዋጋ የቻይናዊው ዋጋ ነው፤ ባሕር ዳር ለምትኖሩት የተነገረ አይደለም።

የቴስላውም እንደዚያው ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 25,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና አመጣለሁ አለ። አምስት ዓመት ቆይቶ በኦክቶበር 2025 አወጣሁ ያለው ርካሹ ሞዴል 3 ዋጋው 36,990 ዶላር ነበር። ፒክአፑ ሳይበርትራክ በ2019 ሲታይ 39,900 ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ በ2023 መጨረሻ ሽያጭ ሲጀምር የርካሹ ዋጋ 60,990 ተጻፈ፤ እሱም የሚደርሰው በ2025 ነው ተባለ። ቢዋይዲ ቃሉን በመጠበቅ ከቴስላ እጅግ ይሻላል፣ ያሳየውን ይሸጣል። ግን የሚሸጠው መጀመሪያ እዚያው ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ብር ይዞ የሚጠብቅ ሰው ቻይና ላይ ዋጋ ሲወርድለት እጁ ላይ ያለው ብር አብሮ ይወርድበታል። ታክሱንም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው መመሪያ ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ምሕረት እንዳለ ይቀጥላል ብዬ በሰው ገንዘብ አልወራረድም። ብር ከመስጠታችሁ በፊት የዛሬውን ከጉምሩክ አስተላላፊ ጠይቁ።

አሁን የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ፤ ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ኅዳር 2016 ላይ አንድ አዲስ የወጣ ትንሽ መኪና በቪዲዮ አየሁ። የቢዋይዲ አይደለም፤ የኩባንያውንም የሻጩንም ስም አላነሳም። ገና መውጣቱ ነበር፤ ስክሪኑ የሚዞር፣ መቀመጫው የሚሞቅ፣ ዋጋው ከሁሉም የሚያንስ። 900 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። በሦስት ወር ይገባል ተባልኩ። የካቲት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። መኪናው ጅቡቲ ደረሰ በተባልኩ ሰሞን ምንዛሪው ተለቀቀ። ሻጩ ደወለና 540 ሺህ ብር ጨምር አለኝ። ውሉን አወጣሁ፤ «በምንዛሪ ለውጥ ምክንያት» የምትል አንዲት መስመር ታች ላይ ነበረች። የባለቤቴን እቁብ ጨምሬ ከፈልኩ። ነሐሴ ላይ መኪናው እጄ ገባ።

ጥቅምት ላይ አንድ ባጃጅ የግራውን የፊት መብራት ሰበረብኝ። ልጁ ደንግጦ እንባው መጣ፤ ምን ይለዋል ሰው፣ ሂድ አልኩት። መብራት ነው፣ ስንት ሊሆን ነው ብዬ። ሶማሌ ተራ ደወልኩ፤ የመኪናውን ስም የሰማ ሰው የለም። ሻጩ ፋብሪካውን ጠየቀልኝ። ፋብሪካው የመጀመሪያዎቹ ወራት ምርት መብራት እንደተቀየረና አዲሱ በእኔ መኪና ላይ እንደማይገጥም መለሰ። የድሮው ተፈልጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ አምስት ወር ፈጅቶ፣ መጋቢት ላይ በ168 ሺህ ብር ገባ። ለአንድ መብራት! አምስቱን ወር ማታ አልነዳሁም። አማቴ ታመው ዳንግላ የሄድኩት በሰው መኪና ነው።

ሚያዝያ ላይ 410 ሺህ ብር ከስሬ ሸጥኩት። ለገዛኝ ሰው ሁሉንም ነግሬው ነው የገዛኝ። በግንቦት ያገለገለች ዩዋን ፕላስ ገዛሁ። ከዓመት በፊት እንደ እኔ ያለች ዩዋን ፕላስ የያዘ ጎረቤቴ ያንኑ የግራ መብራት ሰብሮ ነበር። ሶማሌ ተራ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ኦርጅናል 45 ሺህ፣ ኮፒ 22 ሺህ ተጠራለት። በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣለት። ዋጋ ስታነጻጽሩ ይህንንም ጨምራችሁ ነው።

ስለ ኮፒ ካነሳሁ አይቀር፤ ጎረቤቴ 22 ሺውን ነበር የመረጠው። በመጀመሪያው ክረምት ውኃ ገባበት፣ ውስጡ እንደ ወተት ነጣ። ኋላ 45 ሺውንም ከፈለ። ኮፒ ፓራውልት ደግሞ ቀዳዳው ከመኪናው አይገጥምም፤ መካኒኩ በብሎን ይቸነክረዋል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንጫጫ ይውላል። የፍሬን ሸራ ኮፒ ግን ጭራሽ አይነካ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ብዙም አይበላም፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ሸራው ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አንዴ ኦርጅናል ገዝታችሁ እርሱት።

ከሁሉ የከፋው የቻርጅ ኬብሉ ነው። ይህን በደንብ አንብቡልኝ። የመጀመሪያው መኪናዬ ኬብል ጠፍቶ ከገበያ በ14 ሺህ ብር ሌላ ገዛሁ። ላዩ ላይ 32 አምፒር፣ 7 ኪሎዋት ይላል። ለሊት 9 ሰዓት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ነቃሁ። ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። ኤሌክትሪሺያኑ ኬብሉን ሲቀድደው የሽቦው ውፍረት ከፍሪጅ ገመድ አይበልጥም፤ የኧርዙ ሽቦ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ልጆቼ የተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነበር። አሁን ለቻርጅ ብቻ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር አስጎትቻለሁ፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ መሬት የተቀበረ ኧርዝ። ሽቦው፣ ብሬከሩና የእጅ ዋጋው 31 ሺህ፣ ኧርዙ 9 ሺህ፣ ኦርጅናል ኬብሉ 38 ሺህ፤ በድምሩ 78 ሺህ ብር። ይህን ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር አንድ ላይ መድቡት። እሱ ከሌላችሁ መኪናውም ይቆይ።

ያሉትን እርስ በርስ ላወዳድር። በዚህ ወር ለእኔ የተጠራልኝን ዋጋ ነው የምጽፈው፤ የእናንተ ደላላ ሌላ ሊል ይችላል። ዜሮ ኪሎ ሜትር ሲጋል፣ ትልቁ ባትሪ፣ 2 ሚሊዮን 650 ሺህ። ያገለገለ ዩዋን ፕላስ፣ ትልቁ ባትሪ፣ 3 ሚሊዮን 550 ሺህ። ያገለገለ ቮልስዋገን አይዲ 4 ወደ 4 ሚሊዮን 700 ሺህ። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ በጭነት ማስመጫ 75 ሺህ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ ኢንሹራንስና ሰሌዳ አለ።

አይዲ 4ን ቶሎ ልለፈው። መኪናው ጥሩ ነው፣ አነዳዱ ከሁሉም ይደላል፣ አዲስ አበባ ስለበዛም መለዋወጫ አለው። ግን ከዩዋን ፕላስ ላይ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር የሚያስጨምር ነገር አላየሁበትም። ባትሪው ደግሞ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ዓይነት ነው፤ ዕድሜ እንዲኖረው ለዕለት ኑሮ እስከ 80 በመቶ ብቻ ሙሉት ይባላል። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት አገር ይህ ያሳቅቃል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ብሌድ ባትሪ ከብረትና ከፎስፌት የተሠራ ነው፤ እስከ 100 ድረስ ሲሞላ አይከፋውም፣ በእሳትም ያን ያህል አያሰጋም። እኔ መብራት ባለ ቀን እስከ አፉ እሞላለሁ። በማግስቱ ቢጠፋም ለአራትና ለአምስት ቀን የከተማ ሥራ ይበቃኛል።

ሲጋልና ዩዋን ፕላስ መካከል ያለው ምርጫ የመንገድ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ሲጋልን ግዙ፣ 900 ሺህ ብር ይተርፋችኋል፣ እኔም አልቃወምም። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ። ይህ ግን በቻይና መለኪያ ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ ከሦስት ሁለት እጁን ብቻ እመኑ። ከታች ዝቅ ያለች በመሆኗ ኮረኮንች ላይ ትጨነቃለች። ትንሿን ባትሪ፣ 30.08ቷን፣ ለገጠር መንገድ አታስቧት።

የእኔዋ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ትይዛለች። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉ አድርጌ፣ በ80 ፍጥነት፣ ዳንግላን አልፌ፣ እንጅባራ ላይ ብርዱን ቀምሼ፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን ይዤ ማርቆስ ስገባ 19 በመቶ ቀርቶኛል። ስመለስ 28 ነበር፤ ማርቆስ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ወደ እኛ ሲመጣ ቁልቁለት ያግዛል። የአንድ ሲጋል ባለቤት በዚሁ መንገድ ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ እየበላ ሁለት ሰዓት ሰክቶ ነው የሚያልፈው።

ዓባይ በረሃን ደግሞ ሁሉም ይፈሩታል። ከደጀን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። ሲወረድ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ከ61 በመቶ ተነስቼ ድልድዩ ላይ 67 ደረስኩ። ፍሬን የነካሁት ለዝንጀሮ ብቻ ነው። ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ግን 19 በመቶ በላብኝ። ሁለት ቶን ያንን ያህል ከፍታ ለማንሳት ብቻ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ መንገዱ የሚበላው ሲጨመር እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ማርቆስ አድሮ ሙሉ ሞልቶ መነሳት ግድ ነው። ያም ሆኖ ፍቼ ዘመድ ቤት ሦስት ሰዓት ሰክቻለሁ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ልቤ እንዲረጋ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር አትመኑ። ቻይና ውስጥ ታክሲ ሆነው የኖሩ መኪኖች ታጥበው፣ ቆጣሪያቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ይመጣሉ። መሪውን ዳሱት፤ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መሪ አይለሰልስም፣ አያበራም። የኋላ ወንበሩን እዩ፤ የቤት መኪና ከኋላ ይልቅ የሹፌሩ ወንበር ነው የሚያልቅበት። የወለሉን ምንጣፍ አንሱና አሽትቱ፤ ጎርፍ የገባበት መኪና በፀሐይ ቢደርቅም ሽታው አይለቅም። የባትሪውን ጤንነት ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ያስነብቡላችሁ፤ እኔ 3,500 ብር ከፍዬ 94 በመቶ አለኝ። ከ85 በታች ከሆነ ወይ 300 ሺህ ይቀንሱ ወይ ይተዉት። ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪም ጠይቁ። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ በሩ እንኳ አይከፈትም፤ እኔን ማርቆስ መናኸሪያ ፊት ለፊት አቁማኛለች። ዋስትና አለው የሚላችሁንም ዋስትናው የት አገር እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስጣችሁ በሉት። ቻይና ውስጥ ለቻይና የተሸጠ መኪና ዋስትናው እዚያው ነው የሚቀረው።

መጠበቅ ያለበት ሰው የለም ወይ ካላችሁ አለ። ተከራይቶ የሚኖር፣ አከራዩ መስመር መጎተት የማይፈቅድለት ይጠብቅ። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስም ይጠብቅ፤ ለእሱ ፈጣን ቻርጅ በመንገዱ ላይ ሲተከል ነው የሚደላው። ብድር ወስዶ የሚገዛም ቢያንስ የወሩን የቤንዚን ወጪውን ጽፎ ከወለዱ ጋር ያስተያይ። ከዚህ ውጭ ያላችሁት፣ ግቢ ያላችሁ፣ ብሩ የተዘጋጀላችሁ፣ በየቀኑ ከጀሪካን የምትቀዱት፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

የፍኖተ ሰላሙ ጋሼ ትናንት ማታ ደውለው ነበር። ከዚያ እስከ ቡሬና እስከ ደምበጫ ለሥራ ስለሚመላለሱ ዩዋን ፕላስ ነው ያልኳቸው። ሐሙስ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡት ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይከፍሉ፤ መኪናው ቆሞ፣ ሊብሬው ታይቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ተመሳክሮ ብቻ ነው። የመሪውን፣ የኋላ ወንበሩንና የቻርጅ ኬብሉን ፎቶ ይላኩልኝ። ስልኬን አላጠፋም።